“ትልቁ ባትሪ ሞቷል” የተባለላት ፕሪየስ

መኪናዋ የ2008 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ናት፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው፣ ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ ወይም በአፕ ሰው የሚያመላልስ ሐበሻ በደንብ ያውቃታል። ነዳጅ አትበላም፣ ዕቃዋ እንደ ልብ ይገኛል። ባለቤቷ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖሩ፣ ኑሯቸውን በእሷ የሚገፉ ሰው ናቸው።

ገናንና ጥምቀትን ከቤተሰብ ጋር ሊያሳልፉ አዲስ አበባ ሄዱ። መኪናዋ ከሦስት ሳምንት በላይ በአፓርታማው ፓርኪንግ፣ ደጅ፣ በዚያ ብርድ ቆመች። ሲመለሱ ሪሞቱን ቢጫኑ መልስ የለም። ከሪሞቱ ውስጥ የብረቱን ቁልፍ መዘው የሹፌሩን በር ከፈቱ። ፓወር የሚለውን ቢጫኑ አንድ መብራት እንኳን አልበራም። ጎረቤት በኬብል ጃምፕ አደረገላቸው። ይሄኔ ዳሽቦርዱ በአንዴ ተንቦገቦገ። ቀዩ ሦስት ማዕዘን፣ የፍሬኑ፣ የኤቢኤሱ፣ የሞተሩ ምልክት፣ ሁሉም። ደጋግመው ሲሞክሩ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ሬዲ (ለመሄድ ዝግጁ ነኝ) ብላ ተነሳች።

ሳያጠፏት ቅርብ ወዳለ ጋራዥ ወሰዷት። ኮምፒውተር ተሰካ፣ ረጅም የኮድ ዝርዝር ወጣ። “ሃይብሪድ ባትሪው ሞቷል፣ መቀየር አለበት” ተባሉ። ዋጋው ከ2 ሺህ ዶላር በላይ። የ12 ቮልቷ ትንሿ ባትሪስ? “አይተናታል፣ 12.7 ታሳያለች፣ ደህና ናት።” ከአገር ቤት መልስ ማን ኪስ ውስጥ ነው 2 ሺህ ዶላር ያለው? ደግሞ ትልቁን ባትሪ ካስቀየሩ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። እየተብሰለሰሉ ነድተው ቤት ገቡ። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ እንደገና ቀጥ አለች። ለኔ የተደወለው ያኔ ነው።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ የጋራዡን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ” አልኳቸው።

ወረቀቱ ላይ ፒ0560 አለ። ዩ0100 አለ። ሲ1241 አለ። ከነሱ ጋር የተግተለተሉ ሌሎች በዩ የሚጀምሩ ኮዶች አሉ። የመጀመሪያው የመኪናው ቮልቴጅ ትክክል አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው የሞተሩ ኮምፒውተር ከሌሎቹ ጋር መነጋገር አቁሟል ይላል። ሦስተኛው የፍሬኑ ኮምፒውተር “የሚደርሰኝ የባትሪ ኃይል አነሰ” ብሎ ያስመዘገበው ነው። “የሃይብሪድ ባትሪውን ቀይር” የሚለው ኮድ ፒ0ኤ80 ነው። እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ፈለግኩት፣ የለም።

ወረቀቱ ራሱ የሚናገረው ስለ ትንሿ ባትሪ ነው ማለት ነው። ጋራዡ የኮዱን ብዛት አይቶ ወደ ውዱ ዕቃ ሮጠ። ይሄ ብዙ ቦታ የማየው ልማድ ነው። መኪናው ሃይብሪድ ከሆነ ጥፋቱም የሃይብሪዱ መሆን ያለበት ይመስላቸዋል።

ፕሪየስ ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው የተኛው። 28 ሞጁሎች ተደርድረው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ የኋላውን በር ከፍተህ በቀኝ በኩል፣ ከክዳን ሥር ነች። መኪናዋ ሞተሪኖም ዲናሞም የላትም። የቤንዚኑን ሞተር የሚያዞረው በትልቁ ባትሪ ኃይል የሚሠራ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ትንሿን የሚሞላት ከኢንቨርተሩ፣ ማለትም የትልቁን ባትሪ ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሩ ከሚያመቻቸው ዕቃ፣ ጋር ያለ መቀየሪያ ነው። እሱ ከትልቁ ባትሪ ወስዶ ወደ 14 ቮልት ገደማ አውርዶ ይሰጣታል።

ታዲያ ትልቁ ያን ሁሉ ኃይል ይዞ መኪናዋ ለምን አትነሳም? መኪናዋ ስትጠፋ ትልቁ ባትሪ ከሁሉ ነገር ይቆረጣል። ሪሌዎቹ፣ ማለትም ኃይሉን የሚያገናኙትና የሚቆርጡት ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ተለያይተው ነው የሚያድሩት፣ ለደኅንነት ሲባል። እነሱን የሚያገናኛቸው የ12 ቮልቷ ኃይል ነው። ፍሬን ረግጠህ ፓወርን ስትጫን መጀመሪያ ትንሿ ባትሪ ኮምፒውተሮቹን ትቀሰቅሳለች። እነሱ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ሁሉም ደህና ነኝ ካለ ሪሌዎቹ ይገናኛሉ፣ ትልቁ ይገባል፣ ሬዲ ይላል። ትንሿ ከደከመች ግማሹ ኮምፒውተር ይነቃል፣ ግማሹ እንደተኛ ይቀራል። የነቃው ያልነቃውን ይከስሳል። የኮዱ ጋጋታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ተራ መኪና ባትሪው ሲደክም ያስታውቃል። ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ ነው የሚዞረው። ባለቤቱ ይሰማዋል፣ ይዘጋጃል። ፕሪየስ ግን ከትንሿ የምትፈልገው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፣ ኮምፒውተር መቀስቀሻ ብቻ። ስለዚህ ያለቀላት ባትሪ እንኳን ወራት እየተንፏቀቀች ሥራዋን ትሠራለች። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት እምቢ። ሰውየውን ከጉዞው በፊት ያዩት ነገር ካለ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰብ አድርገው፣ “በሩን ስነካው አንዳንዴ አልከፍት ይላል፣ የሪሞቱ ባትሪ መስሎኝ ቀየርኩት” አሉኝ። ሪሞቱ አልነበረም።

ቦታው ስደርስ ኮፈኑን ከፈትኩ። የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን ያላት ብረት አለች። ጃምፕ የሚደረገው እዚያ ነው። የቴስተሩን ቀይ እሷ ላይ፣ ጥቁሩን ሞተሩ አካባቢ ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ አሳረፍኩ። 8.7 ቮልት። ከ12.6 በላይ ማሳየት ያለባት ባትሪ ናት። የኋላው በር ደግሞ አልከፈት አለ፤ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ነው። ወንበር አጥፎ ከውስጥ በኩል ተስቦ ገብቶ በእጅ የሚከፍቱበት መላ አለው። ከፊት ኃይል ከሰጧት ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ልጠንቅቅ። ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ከፊውዝ አልፎ ኢንቨርተሩን ሊጎዳ ይችላል። ገመዱን ከማስነካትህ በፊት ቆም ብለህ እየው። እንዲሁም ፕሪየስን ተጠቅመህ የሌላ ሰው ትልቅ መኪና ጃምፕ አታድርግ። መቀየሪያዋ ለዚያ አልተሠራም።

በተንቀሳቃሽ ማስነሻ ከፊት ኃይል ሰጠኋት። ፍሬን ሳልረግጥ ፓወርን ሁለቴ ስጫን ዳሽቦርዱ በራ። ሰውየው ፍሬን እንዲረግጡ ነገርኳቸውና ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። የፍሬን መብራቱ በርቷል። ይቺን ሙከራ ንቀው የሚያልፏት ብዙ ናቸው። የፍሬኑ ስዊች ከተበላሸ ኮምፒውተሩ እግርህ ፍሬን ላይ መሆኑን አያውቅም። ፓወርን ብትጫን ሬዲ አትልም፣ መብራት ብቻ ታበራለች። ባትሪ ቢቀያየር፣ ምን ቢደረግ አትነሳም። የሳቸው መኪና ስዊቹ ደህና ነበር።

ፍሬን ተረግጦ ፓወር ሲጫኑ ሬዲ አለች። ያቺው ቀይ ክዳን ያላት ብረት ላይ እንደገና ለካሁ። 13.9 ቮልት። መቀየሪያው ይሠራል ማለት ነው፣ ኢንቨርተሩ ከጥርጣሬ ወጣ። ኮዶቹን ሁሉ አጠፋሁና መኪናዋን ለብቻዬ ነዳኋት። ዳገት ላይ ነዳጅ ረገጥኩ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ። ስካነሩ የትልቁን ባትሪ 28 ሞጁሎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ በ14 ክፍል ያሳያል። ባትሪው ከሞተ ነዳጅ ሲረገጥ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ተለይቶ ዘጭ ይላል። እዚህ ግን 14ቱም አብረው ወረዱ፣ አብረው ወጡ። ልዩነታቸው ከግማሽ ቮልት በታች ነው። አንድም ኮድ ተመልሶ አልመጣም።

“ጋሼ፣ ትልቁ ባትሪዎ አልሞተም።”

“እንዴ! ታዲያ ያ ሁሉ መብራት?”

“የትንሿ ነው።”

ጋራዡ ግን ትንሿን ለክቶ 12.7 አግኝቶ ነበር። አልዋሸም። የለካው መኪናዋ ስትነዳ ቆይታ እንደቆመች ነው። ገና ከመሞላት የወጣች ባትሪ፣ የሞተችም ብትሆን፣ ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ቁጥር ታሳያለች። ባትሪ የሚፈተነው ሥራ ተሰጥቶት ነው። አውጥቼ በትንሽ አምፔር ቀስ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር ላይ አዋልኳት። አውርጄ ካሳረፍኳት በኋላ 12.5 አሳየች። ጥሩ ትመስላለች። መልሼ ገጥሜ ሬዲ ሳትል መብራቷን ብቻ አበራሁና የፊት መብራቱንም ጨመርኩበት። ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ሲንሸራተት ዓይኔ እያየው ነው። 12.1፣ 11.6፣ 11.0። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 10.1 ደረሰ። ጤነኛ ባትሪ በዚህ ሸክም 12 አካባቢ ረግቶ ይቆማል።

ቴስተር የሌለው ሰው በዚህ ሞዴል ሌላ መንገድ አለው። መኪናዋ ሬዲ ሳትሆን መብራቷ በርቶ እያለ፣ ከስክሪኑ ጎን ያለውን ኢንፎ የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ ትንሹን መብራት ሦስት ጊዜ ማብራት ማጥፋት ነው። የተደበቀ የምርመራ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የባትሪው ቮልቴጅ በቁጥር ይታያል። ታክሲ ላይ ያሉ ልጆች ይህችን ቢለምዷት ብዙ ገንዘብ ይተርፋቸዋል።

አዲስ ባትሪ ተገዛ። እዚህ ላይ ርካሽ ፍለጋ መሄድ አያዋጣም። ባትሪዋ የምትቀመጠው ሰው በሚቀመጥበት በመኪናዋ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጋዟን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ያላት፣ ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት መሆን አለባት። ጫፎቿም ከተራ የአሜሪካ ባትሪ ቀጠን ያሉ ናቸው። ቱቦው ሳይሰካ የቀረ፣ ወይም ጫፉ አልገባ ሲል በመዶሻ የተገባበት ስንት አይቻለሁ።

ብዙ ሰው ሥራውን እዚህ ላይ ይጨርሳል። አዲስ ባትሪ ገባ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ ደህና ዋሉ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንዴ ጃምፕ ተደርጋ፣ ተነድታ፣ በአንድ ሌሊት 8.7 ድረስ? ባትሪዋ ማርጀቷ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ሌሊቱን ሲግጣት ያደረ ይመስላል።

የባትሪውን ማይነስ ፈትቼ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጌ በመካከል አስገባሁት፤ ማለትም ኃይሉ ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ አልፎ እንዲሄድ። የኋላው በር ክፍት ስለሆነ መኪናዋ ነቅታ ትቆያለች፤ ስለዚህ የበሩን መያዣ በጠፍጣፋ መፍቻ ገፋ አድርጌ ተዘግቷል ብላ እንድታምን አደረግኩ። ሪሞቱን ሰውየው ይዘው ቤት ገቡ። ሪሞት ቅርብ ከሆነ ትተኛለች ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከዚያ መጠበቅ ነው፣ ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ እስኪተኙ። ፕሪየስ ተኝታ የምትስበው ከጥቂት መቶኛ አምፔር አይበልጥም፣ 0.02፣ 0.03 ገደማ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ 0.34 ላይ ቆመ። ጠበቅኩ። አልነቃነቅ አለ።

0.34 አምፔር ትንሽ ይመስላል። በ24 ሰዓት ግን 8 አምፔር ሰዓት ነው። የዚህች ባትሪ ሙሉ አቅም አዲስ ስትሆን 45 ገደማ ነው። አዲስ ብትሆንም አምስት ቀን ተኩል ብቻ ነው የምትይዘው። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በላይ ነው የቆዩት። አዲሷም ባትሪ በሚቀጥለው ጉዞ ያው ዕጣ ነበር የሚጠብቃት።

የሚስበውን ለማግኘት ብዙዎች ፊውዝ እየነቀሉ ይሄዳሉ። እኔ አልወደውም። ነቅለህ ስትመልሰው ኮምፒውተሩ ይነቃል፣ መኪናዋ እስክትተኛ ደግሞ እንደ አዲስ መጠበቅ ነው። ከዚህ የሚሻለው ቴስተሩን በሚሊቮልት አድርጎ የእያንዳንዱን ፊውዝ ሁለት የብረት ነጥብ ሳይነቅሉ መንካት ነው። ኃይል የማያልፍበት ፊውዝ ዜሮ ያሳያል። የሚያልፍበት ትንሽ ቁጥር ይሰጣል። ከመሪው በታች በግራ በኩል ያለው የፊውዝ ሳጥን ለማየት አንገት የሚያጣምም ቦታ ነው። ተንጋልዬ ገባሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ አንዲት የቶዮታ ያልሆነች፣ ከሌላ ፊውዝ ጀርባ ላይ የተለጠፈች መሰኪያ አገኘሁ። ከእሷ ቀይ ሽቦ ወጥቶ በምሰሶው ፕላስቲክ ሥር ወደ ላይ ይሄዳል። ሽቦውን በጣቴ ተከተልኩት። መጨረሻው የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ካሜራ ነው። ስክሪኑ ጠፍቷል። ውጪ ውኃ በሚያቀዘቅዝ ብርድ ካሜራውን ነካ ሳደርገው ሞቋል።

መሰኪያዋን ሳወጣት ቴስተሩ ከ0.34 ወደ 0.03 ወረደ።

ሰውየው ሲመጡ፣ “እሱማ ራሱ ይጠፋል ብሎኛል እኮ የገጠመልኝ ልጅ!” አሉ። ልጁም አልዋሸም። ካሜራው መኪና ቆማ እያለ የሚቀርጽ ዓይነት ነው። የፊትም የኋላም ካሜራ አለው። ባትሪው ሲወርድ ራሱን እንዲቆርጥ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን ተገጥሞለታል። የተስተካከለው ግን 11.6 ቮልት ላይ ነው። 11.6 ላይ የደረሰች ባትሪ ባዶ ናት ማለት ነው። ካሜራው እዚያ ሲቆርጥ የቀረውን የመኪናዋ ኮምፒውተሮችና ብርዱ ይጨርሱታል። በየቀኑ ሲነዱ ይሄ አልታየም። ቀን መቀየሪያው ይሞላታል፣ ሌሊት ካሜራው ያፈስሳታል። እንዲህ መሙላትና ማፍሰሱ በራሱ ዕድሜዋን በልቶታል። ጉዞው ሲመጣ የሚሞላት አጣች፣ አለቀ።

ካሜራውን ቁልፍ ሲበራ ብቻ ኃይል ወደሚያገኝ ፊውዝ ላዛውርልዎ አልኳቸው። አልፈለጉም። ፓርክ አድርገው እያለ አንድ ሰው ገጭቷቸው ሸሽቶ ስለነበር ሌሊትም እንዲቀርጽ ይፈልጋሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል። መቁረጫውን ወደ 12.4 ከፍ አደረግኩላቸው። በሥራ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ላይቀርጽ ይችላል፣ ግን ጠዋት ሬዲ ትላለች። አገር ቤት ሲሄዱ ደግሞ ከመስታወቱ ላይ ሽቦውን ይንቀሉት ተባባልን።

ይሄ ጉዳይ በትንሿ ባትሪ አለቀ እንጂ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ትንሿ በሸክም ተፈትና ደህና ከሆነች ሌላ ይታሰባል። ሪሞቱ ካልታወቀ፣ በዚህ ሞዴል ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ይሰካል። ትልቁ ባትሪ በቅርቡ ተነክቶ ከሆነና መኪናዋ ከዚያ ወዲህ እምቢ ካለች፣ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚቆርጠውን ብርቱካናማ የደኅንነት መያዣ አያለሁ። ከተሰካና ከታጠፈ በኋላ ወደ ታች ሸርተት ብሎ መቆለፍ አለበት። ይቺን የመጨረሻ እርምጃ ረስተው ባትሪውን እንደገና ያወረዱ አሉ። ኮዱ ፒ0ኤኤ6 ከሆነ ግን ከፍተኛው ቮልት ወደ መኪናው ብረት እያፈሰሰ ነው፤ ጉዳዩ በኬብልና በቴስተር ጨዋታ ከመሆን ያልፋል። ብርቱካናማ ሽቦ በሙያው ባልሠለጠነ ሰው አይነካም። መያዣው ከተነቀለ በኋላ እንኳን ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ኃይል እስኪወርድ ደቂቃዎች ይጠበቃል።

ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። እነሱም ውስጥ ያቺው ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለች። ትልቁ ባትሪ 80 ፐርሰንት እያሳየ ያደረ መኪና ጠዋት በሩ አልከፈት ቢል፣ ከሁሉ በፊት እሷን ማየት ነው።

ሰውየው ፋሲካን ደግሞ አገር ቤት ሊውሉ ነው። የባትሪውን ማይነስ ፈትተን እንተዋት ብለን ነበር። ግን ያኔ የኋላው በር በኤሌክትሪክ አይከፈትም፣ ሲመለሱ ከፊት ኃይል የሚሰጣት ከሌለ ወንበር ላይ ተንፏቀው መግባት ሊሆን ነው። ወገባቸው ለዚያ አይሆንም። ስለዚህ ቁልፉን ለዚያው ጃምፕ ላደረገላቸው ጎረቤት ሰጡት። የካሜራው ሽቦ ተነቅሏል። ጎረቤቱ በሳምንት አንዴ ፍሬን ረግጦ ሬዲ ያስብላታል፣ ማርሹን ፓርክ ላይ እንዳለ ትቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆያታል። የቤንዚኑ ሞተር በመካከል በራሱ እየተነሳ ይጠፋል፣ ያ ጤንነት ነው። ደጅ ስለሆነች ጭሱም አያሳስብም።